አቤት ማለት፦ በመከራ ቀን ወደ እግዚአብሔር ስለ መቅረብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ካህንም ሰባኪም አይደለሁም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ በወር አንዴ የጽዋ ማኅበር የምጠጣ ተራ ምእመን ነኝ። ግን ሰው ሲከፋው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ እኔ ይደውላል። ምናልባት ምክር ስለማላበዛ ይሆናል። አንዱ ሥራ አጥቶ ነው፣ አንዷ ልጇን ቀብራ፣ ሌላዋ ከሰው አገር ሆና። ጥያቄዎቻቸው ግን ይመሳሰላሉ። ፕሮቴስታንት ጓደኞቼም የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። ስለዚህ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። የንስሐ አባት ወይም የፓስተር ቦታ እንደማይተካ ይታወቅልኝ።

እግዚአብሔርን ማማረር ኃጢአት አይደለም ወይ? «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው ራሴን እንደ ከሓዲ አያለሁ።

ዳዊት የምትደግሙ ሰዎች «አቤቱ» የሚለውን ቃል በአንድ ጠዋት ስንቴ እንደምትሉት ቁጠሩት። «አቤት» ከምንለው ጋር አንድ ቃል ነው። ድሮ የተበደለ ሰው ከንጉሥ ደጅ ወይም ንጉሡ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኽ ነበር። ዛሬም ቀበሌ የምናስገባው ወረቀት አቤቱታ ይባላል።

አቤት ባይ ምን ዓይነት ሰው ነው? የከፋው ሰው ነው። ግን ደግሞ ሰሚ አለ ብሎ ያመነ ሰው ነው። ሰሚ የለም ያለማ አቤት አይልም። ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ስለዚህ እኔን ከአቤቱታ ይልቅ የሚያስፈራኝ ኩርፊያ ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ቤቱ ገና አለ። ተኳርፈው በየክፍላቸው ሲቀመጡ ነው ጎረቤት ሽማግሌ መፈለግ ያለበት። ከእግዚአብሔር ጋርም እንደዚያው ይመስለኛል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የጮኸ ሰው ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጦለታል። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ቃል ለጸሎት ሰጥታናለች። ጌታ ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ያለው በዳዊት መዝሙር ቃል ነው።

ኢዮብን ደግሞ እዩት። የተወለደባትን ቀን ረገመ። እግዚአብሔርን የት እንደማገኘው ባወቅሁ፣ ሄጄ ክርክሬን በፊቱ ባቀረብሁ አለ። ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ሰው። ጓደኞቹ ግን ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ሲከራከሩ ከረሙ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጓደኞቹ ላይ። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው።

«እስራኤልስ በምድረ በዳ በማጉረምረማቸው አልተቀጡም?» የሚል ሰው አለ። ልክ ነው። እነሱ ግን ያጉረመረሙት እርስ በርሳቸው፣ በየድንኳናቸው ነበር። ወሬያቸውም አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ የሚል ነው። ኢዮብ ፊቱን አላዞረም። የከሰሰውን እግዚአብሔርን ራሱን አነጋገረው።

ይህ ሁሉ የደረሰብኝ በኃጢአቴ ነው?

ጠጥቶ መኪና የነዳ ሰው ግንብ ቢመታ ምክንያቱን ከሰማይ መፈለግ የለበትም። እንዲህ ያለውን የምታውቁት እናንተው ናችሁ፤ ንስሐ ግቡበት፣ የሚካሰውንም ካሱ።

ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ተውት። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው በገደለ ጊዜ ጌታ የተናገረው ግልጽ ነው። እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁት፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰ።

«የዘር መርገም ነው፣ እኔ እቆርጥልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣባችሁ፣ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት።

ስጸልይ ምንም አይሰማኝም። ቃሉም ይጠፋኛል። እንደዚህ ከሆነ ብተወው አይሻልም?

አይሻልም። ግን ይህን ስል ጥርስ ነክሶ አንድ ሰዓት መቆም ማለቴ አይደለም።

መጀመሪያ ስሜቱን እንተወው። ሐዘንና ድካም ስሜትን ያደነዝዛሉ። ምግብ አልጥም ያለው ሰው፣ ልጁ ስታቅፈው ምንም ያልተሰማው ሰው፣ በጸሎት ጊዜ ብቻ ልቡ እንዲቀልጥ ለምን ይጠበቃል? ራሱ ሰውየው ነው እኮ የሚጸልየው።

ቃል ሲጠፋ ቃል መዋስ ይቻላል። ዳዊትን አባቶቻችን ያስደገሙን ለዚህም ጭምር ነው። በእኛ ዘንድ መዝሙሩ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር ደግሞ አንድ «ንጉሥ» ይባላል። ደህና በነበራችሁበት ጊዜ በቀን ሦስት ንጉሥ ትደግሙ ከነበረ፣ አሁን አንድ መዝሙር ይበቃል። አንድ መዝሙር ካቃተ አንድ መስመር። አንድ መስመር ካቃተ «እግዚኦ» ብሎ ዝም ማለት አለ። እሷም ጸሎት ናት።

ዝምታውም ራሱ ክፉ አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። እግዚአብሔር ግን ሰምቷታል። ሐዋርያው ጳውሎስም እንዴት እንደምንጸልይ እንደማናውቅ፣ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ጽፏል። መቃተት! ከቃል በታች ያለ ነገር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አፍ ሲዘጋ ሰውነት ይጸልያል። አንድ ጊዜ መስገድ። ጧፍ ማብራት። ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ። አንድ ወዳጄ ሥራ አጥቶ በነበረበት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ስሞ ብቻ ይመለስ ነበር። «ውስጥ ገብቼ የምለው የለኝማ» ይላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደጃፍ ሳመ።

በነገራችን ላይ የቁጥር ነገር ሰዎችን ግራ ያጋባል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር አንዱ ጋ 22፣ ሌላው ጋ 23 ነው። ስሕተት አይደለም። የግእዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን፣ ማለት የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቆጣጠር ስለሚከተል በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ብዙው በአንድ ይዘገያል። እዚህ የምጠቅሰው በግእዙ ቁጥር ነው።

ተሳልኩ፣ ጾምኩ፣ አለቀስኩ፤ አልተመለሰልኝም። ለምን?

ለምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ተጠንቀቁት። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተወሰደለትም። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ጌታም በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮ ጽዋው አላለፈም። ስለዚህ ጸሎቱ ያልተፈጸመለት ሰው ሁሉ እምነቱ ያነሰ ነው የሚል ስብከት ስሰማ፣ እነዚህን ሁለቱን የት ሊያደርጋቸው ነው እላለሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። አባቴ በአንድ ወገኑ ሰውነቱ ዝሎ፣ አንደበቱም ተይዞ ሲተኛ እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ስለቷ ጃንጥላ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያ ሕዝብ መካከል የስለት ጃንጥላ እንደ አበባ ነው የሚታየው። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ አባቴ መናገር ጀመረ። ሁላችንም ተደሰትን። ከዚያ አረፈ።

በዓመቱ እናቴ ጃንጥላውን ገዝታ ተነሣች። እኔ ተናደድኩ። «ምን ተደርጎልን ነው?» አልኳት። አየችኝና «ዐሥራ አንድ ቀን አወራኝ እኮ» አለች።

እውነት ለመናገር በዚያን ጊዜ አልገባኝም። አብሬያት ግን ሄድኩ፤ ጃንጥላውንም የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ አኩርፌ ነበር። ከድሬዳዋ ተመልሰን አውቶቡስ ስንይዝ፣ በዐሥራ አንዱ ቀን ውስጥ አባቴ ምን ምን እንዳላት ትነግረኝ ጀመር። የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከእዳ ሰነድ እስከ ፍቅር ቃል።

ስለት የተሳላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ስለት የንግድ ውል አይደለም። «ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ሳይሆን ሲቀር ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ሒሳብ ይዘጋል። የምትሳሉ ከሆነ አቅማችሁን እያያችሁ ተሳሉ። ከአቅም በላይ የሆነባችሁ ስለት ካለም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ በጭንቅ ሌሊት ላይ የተነገረን ቃል እንዴት እንደሚይዙት ያውቃሉ።

ሰዎች «ለበጎ ነው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ክፉ ሰው ሆንኩ?

አልሆናችሁም። የሚሉትም ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው።

ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል የሚለው የጳውሎስ ቃል እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ ነገር መልካም ነው ማለት አይደለም። የሕፃን ሞት መልካም አይደለም። ጌታ አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ መቃብሩ ጋ ሲደርስ አለቀሰ። ማርያምንና ማርታን «ለበጎ ነው» አላላቸውም።

የእኛ የለቅሶ ባህል በዚህ ነገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል ባይ ነኝ። የእድር ድንኳን ይተከላል። ሰው ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፣ ይቀመጣል። ንፍሮ ይቀርባል። ማንም ምንም አያብራራም። የኢዮብ ጓደኞችም መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚከብደው። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ፣ ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። የሐዘንተኛ ወዳጅ ከሆናችሁ ቀጠሯችሁን ለዚያ ጊዜ አድርጉት።

አረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም፣ ማዕተቤንም ደብቄያለሁ። እንዴት ልቅረበው?

እህቴ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእግዚአብሔር ስም ያወጣችለት ሴት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? አጋር ናት። የሰው አገር ሴት፣ የሰው ቤት ሠራተኛ። እመቤቷ ብታስጨንቃት ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። እዚያ መልአክ በስሟ ጠራት። እሷም ያነጋገራትን እግዚአብሔርን «የሚያየኝ» አለችው። አብርሃም አይደለም ያለው፤ አጋር ናት። በኋላም ከነልጇ ስትባረር፣ ውሃ አልቆባት ልጁን ቁጥቋጦ ሥር ጥላው ስታለቅስ፣ ዓይኗ ተከፍቶ የውሃ ጉድጓድ አየች።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። እዚያ ያሉ እህቶቼ የነገሩኝ ነው። አንዷ ልብስ ስትተኩስ በአንድ ጆሮዋ ዳዊት በድምፅ ታደምጣለች። አንዷ ሳህን ባጠበች ቁጥር አንድ «አባታችን ሆይ» ትላለች፤ «ሳህኑ ብዙ ነው፣ ጸሎቴም በዛ» ብላ አስቃኛለች። ሌላዋ ከእናቷ ጋር ሰዓት ተቀጣጥራለች። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓታቸው አንድ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናት ደብረ ብርሃን፣ ልጅ ሪያድ፣ አንዱን መዝሙር በየበኩላቸው ይላሉ። ስልክ አይደዋወሉም። ካርድም አያስፈልግም።

ጾሙን በተመለከተ፣ የምትበዪውን አንቺ የማትመርጪበት ቤት ካለሽ በራስሽ አትፍረጂ። ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ ያሉሽን አድርጊ። እሑድ ሥራ በሆነበት አገር ጉባኤ ዓርብ የሚደረግበት ቦታ ብዙ ነው፤ የዕረፍት ቀን ከሰጡሽ አጠያይቂ።

አንድ ነገር ግን። የሚመታሽ፣ ደመወዝሽን የሚከለክልሽ ወይም ሊደፍርሽ የሚሞክር ሰው ካለ ጸሎት ብቻ አድርገሽ አትቀመጪ። ለምታምኛት ኢትዮጵያዊት፣ ለኤምባሲ ወይም ለቆንስላ አሳውቂ። የፓስፖርትሽን ፎቶ ኮፒ ከቤተሰብሽ ዘንድ አስቀምጪ።

ባሌ ይመታኛል። «መስቀልሽ ነው፣ ታገሺ» ይሉኛል።

ዱላ መስቀል አይደለም።

በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጽጌ ወቅት ቤተ ክርስቲያን ምን ታስባለች? እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸችበትን ስደት። ማኅሌት የተቆመለት ሽሽት ነው። ጌታን ሊወግሩት ድንጋይ ሲያነሡ ተሰውሮ ከመቅደስ ወጥቷል። ጳውሎስን በደማስቆ በቅርጫት አድርገው በቅጥሩ አወረዱት። ከሚገድል ሰው መሸሽ የትዕግሥት ማነስ ከሆነ እነዚህን ሁሉ ምን ልንላቸው ነው?

ከነልጆችሽ ደኅና ቦታ ሁኚ። ለፖሊስ አመልክቺ። ይቅርታ ማድረግ ከሩቅ ሆኖም ይቻላል። የመከሩሽ ሰው «ታገሺ» ብቻ ካሉሽ ሌላ አባት ጠይቂ።

መኖር ሰልችቶኛል፤ መሞት እመኛለሁ። ይህን ለእግዚአብሔር መንገር እንኳ ያሳፍረኛል።

ኤልያስ ነግሮታል። እሳት ከሰማይ ያወረደው ኤልያስ ማለቴ ነው። በማግሥቱ ያህል ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ አሁንም፥ አቤቱ፥ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እዚህም «አቤቱ» አለች፣ አያችሁ?

እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። አስተኛው። መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላና እንደገና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ወደ ኮሬብ ሄዶ ያንን ዝግ ያለ ድምፅ የሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ መጀመሪያ ምግብ።

ስለዚህ ይህን ሐሳብ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ለሰውም ንገሩ፤ ዛሬውኑ። እኅት ይሁን፣ ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ በአካል አጠገባችሁ የሚሆን ሰው። ራሳችሁን ለመጉዳት ሐሳቡ ከበረታ ወይም መንገዱን ማሰብ ከጀመራችሁ ብቻችሁን አትደሩ፤ አንድ ሰው ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። አማኑኤል መሄድ ስድብ የነበረበት ጊዜ ማለፍ አለበት። ስሙ ራሱ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት አይደል?

ጠበል ልግባ ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ?

ሁለቱም። ይህ ጥያቄ በኤችአይቪ ጊዜ ብዙ ሰው ጎድቷል። በእንጦጦና በሌሎች ጠበሎች መድኃኒታቸውን ጥለው የተቀመጡ ሕሙማን ነበሩ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚል አለ። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር።

ክኒኑን በጠበል ዋጡት። ቀልዴን አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

መከራ የግድ ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል?

አያቀርብም። ይህን በግልጽ ብንናገር ደስ ይለኛል፤ መከራ በራሱ ቅዱስ አይደለምና። እሳት ሸክላውን ያጠነክራል፣ ቅቤውን ያቀልጣል።

የሚያቀርብበት ጊዜ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን የውጭ አገር ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲባረሩ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። እስራትና ግርፋት ነበረ። ጣልያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በደርግ ጊዜም በ1971 ዓ.ም. ክረምት የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወራት እንኳ ሳይራራቁ ተገደሉ። አብያተ ክርስቲያናቸው የተዘጉባቸው ሰዎች በየሳሎኑ አራትና አምስት እየሆኑ መጋረጃ ዘግተው ጸለዩ። ከዚያ ትውልድ የቀሩትን ሰዎች አነጋግሩ፤ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

የማያቀርብበትም ጊዜ አለ። ጎረቤታችን ኑቢያ (በዛሬዋ ሱዳን በኩል) ለዘመናት ክርስቲያን መንግሥታት ነበሯት፤ ዛሬ የቀሩት የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናትና የግድግዳ ሥዕሎች ናቸው። በሰፈራችንም ቢሆን አንድ ሐዘን አንዱን ወደ ቅዳሴ፣ ሌላውን ወደ አረቄ ቤት ሲወስድ አይተናል።

ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ እኔ እንዳየሁት የሰውየው ጽናት አይደለም። በወላይታም በደርግ ዘመን ሳሎኖችም ሰዎቹ ብቻቸውን አልነበሩም። አጠገባቸው አብሮ አቤት የሚል ሰው ነበረ። ስለዚህ ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የምጠይቀው «እየጸለይክ ነው?» ብዬ አይደለም። «ማን አለ አጠገብህ?» እላለሁ።

እምነቴ ደክሟል። በዚህ ሁኔታ ቅዳሴ መቆም ማስመሰል አይሆንም?

ቶማስ ትንሣኤውን አላመነም። ያላመነው ቶማስ ግን በስምንተኛው ቀን ከሌሎቹ ጋር እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ባይመጣ ኖሮ ባላየ። ለዚህም ነው የዳግም ትንሣኤ ዕለት ታሪኩ የሚነበበው። የታመመውን ልጅ ይዞ የመጣው አባትም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው፤ ልጁም ድኗል። ግማሽ እምነታችሁን ይዛችሁ ኑ። ከኋላ በኩል፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆምበት ቦታ ምንጊዜም አይጠፋም።

መከራው አለፈልኝ። አሁን ግን ጸሎቴ ቀዘቀዘ።

ከዐሥሩ ለምጻሞች የተመለሰው አንድ ነው፤ እንግዲህ ብዙ ጓደኛ አላችሁ። ያለፈበትን ቀን በካሌንደር ላይ ጻፉት። በየወሩ በዚያ ቀን ያኔ የነበራችሁበት ጭንቅ ውስጥ ላለ አንድ ሰው ደውሉ።

ዛሬ ማታ ከየት ልጀምር?

ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጉት። መዝሙር 12ን አውጡ፤ መጽሐፋችሁ በዕብራይስጡ ቁጥር ከሆነ 13 ነው። ስድስት ቁጥር ብቻ ናት፣ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች አቤቱታና ልመና ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እምነትና ምስጋና ናቸው። ሁለቱን ከልባችሁ ማለት ካቃታችሁ አራተኛው ላይ አቁሙና ተኙ። ነገ ማታ እንደገና ከአንደኛው ጀምሩ።